«እምቢ ብላለች» የተባለችው ታካሚ፦ በሰሜን ሸዋ ቆላ ሕክምናን ከታካሚ ጋር ስለመወሰን የጉዳይ ጥናት

በአምስት ወር ውስጥ በካርዷ ላይ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል፦ «ኢንሱሊን እንድትጀምር ተነግሯት እምቢ ብላለች።» የጻፉት ሦስት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው። መልሱን የሰጠው ግን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የባሏ ወንድም። ታካሚዋ መስማት የተሳናት ናት። በሦስቱም ቀጠሮ ከሐኪሙ ፊት ተቀምጣ የሁለቱን ወንዶች ከንፈር እያፈራረቀች ስታይ ቆይታ ተመልሳለች። በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ «ቋንቋ» ከሚለው ጎን «አማርኛ» ተብሎ ተሞልቷል።

ይህ ጽሑፍ ያ እምቢታ ከየት እንደመጣና ውሉ እንዴት እንደተገኘ ይዘረዝራል። ታካሚዋ እንዳትታወቅ ዕድሜዋና አንዳንድ የቤተሰብ ዝርዝሮች ተለውጠዋል፤ የሆስፒታሉም ስም አይጠቀስም።

ታካሚዋ

ዕድሜዋ ወደ 34 ይጠጋል። ከአንኮበር ተራራ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሲወረድ ካለው ቆላ የመጣች አርጎባ ናት፤ ሙስሊም፣ ባለትዳር፣ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናት። መስማት ያቆመችው ገና በሕፃንነቷ ስለሆነ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ፊደልም ቁጥርም አታነብም። ባሏ ንግድ ላይ ስለሚውል ደብረ ብርሃን ድረስ ይዟት የሚመጣው ወንድሙ ነው።

ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች። በሽንቷ ፕሮቲን በመታየቱ ኩላሊትን የሚጠብቀው የደም ግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም ተጨምሮላታል። ከምግብ በፊት የሚለካው ስኳሯ በሦስቱም ቀጠሮ ከ300 በላይ ነበር። ክብደቷ ከ58 ኪሎ ወደ 49 ወርዷል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ክብደት፣ ኪኒን በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያቅት ቆሽቷ ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ እየነጠፈ ነው ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። ስለዚህ ኢንሱሊን ይሻል ነበር ማለት አይበቃም፤ ያስፈልጋት ነበር። ሕክምናን አብሮ መወሰን ሲባል ሁሉም አማራጭ እኩል ነው እያሉ ማቅረብ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በኪኒን ብቻ መቆየት መጥፎ አማራጭ እንደነበር ለእሷም በግልጽ መነገር ነበረበት። ችግሩ አለመነገሩ ነው።

በአራተኛው ጊዜ በቀጠሮ አልመጣችም። ስኳሯ 486 ደርሶ፣ በሽንቷ ኪቶን (ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጥረው ከስብ የሚወጣ አሲድ) ታይቶ፣ ውሃ ተሟጦባት በድንገተኛ ክፍል ገባች። ጉሉኮስ የሌለበት ፈሳሽና ፈጣኑ ኢንሱሊን ተሰጥቷት ለአራት ቀን ተኛች። ነገሩ የተገለጠው በእነዚህ አራት ቀናት ነው፤ ምክንያቱም አስታማሚ ሆና የገባችው የሴት ጎረቤቷ ነበረች።

መፍትሔ ሁሉ በየራሱ ሲያንስ

ሆስፒታሉ ምንም አላደረገም ማለት ግፍ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነገር የታሰበ መፍትሔ ነበረው። መስማት ለተሳነው ሰው አስተርጓሚ ይጠራል፤ ለሚጾም የስኳር ታካሚ የምክር ወረቀት አለ፤ ለሴት ታካሚ ሴት ነርስ ትመደባለች፤ አጃቢ ቤተሰብ ይገባል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ደግ ነው። አራቱም አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን አንዱም አልሠራም።

አስተርጓሚው በከተማው መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምር መምህር ነው። የሚያውቀው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ነው። እሷ ደግሞ ያን ቋንቋ የሚያስተምር ቦታ ደርሳ አታውቅም፤ የምትግባባው በቤትና በመንደር በተፈጠረ ምልክት ነው። መምህሩ ሃያ ደቂቃ ሞክሮ «አትግባባም» ብሎ ሄደ፤ ካርዱ ላይም እንደዚያው ተጻፈ። ቢጻፍ የሚሻለው «የእኛን ምልክት አታውቅም፤ እኛም የእሷን አናውቅም» የሚለው ነበር።

የጾም ምክር ወረቀቱ የተዘጋጀው ለኦርቶዶክስ ጾም ነው። «የጠዋቱን ኪኒን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር» ይላል። በረመዳን ከንጋት በፊት ተበልቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ውሃም አይቀመስም፤ በእኛ አገር ወደ 13 ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ጊዜ ነው። ወረቀቱን የተቀበለው የባሏ ወንድም ለእኛ አይሆንም ብሎ አጠፈው። ማንም አልጠየቀውም።

ሴት ነርሷ ከአጃቢው ውጭ ከታካሚዋ ጋር የምትግባባበት መንገድ አልነበራትም። አንድ ቀን ልጇ አብራ ስትመጣ ደስ ብሎ ልጅቱን አስተርጓሚ አደረጓት። የ12 ዓመት ልጅ ጎበዝ አስተርጓሚ ነበረች፤ ግን የወር አበባና እርግዝና የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ነርሷ በአዘኔታ ዘለለችው። ካርዱ ላይ ያ ሣጥን ባዶ ነው። ይህ ባዶ ሣጥን ምን እንዳስከተለ ወደ ታች ይታያል።

አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ነገር ይኸው ነው፤ ጥቁር ሴቶች የሚደርስባቸው በደል ዘርን ለብቻ ጾታን ለብቻ በሚያይ ሕግ ውስጥ ሾልኮ ያመልጣል። ሾልኮ የሚያመልጥበት ቀዳዳ በሆስፒታል ቅጽ ላይም አለ።

ክንድ ላይ የተወጋው መርፌ

ሁለተኛው ቀን ማታ ተረኛዋ ነርስ ኢንሱሊን ልትወጋት ስትመጣ ታካሚዋ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና ዞረች። ነርሷ ሆዷ ላይ እንደምትወጋ በጣቷ አሳየቻት። ታካሚዋ ግራ ገብቷት ሆዷን፣ ቀጥሎ ክንዷን፣ ቀጥሎ ሕፃን እንደማቀፍ አድርጋ አሳየችና ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው።

በመንደሩ ምልክት «መርፌ» ማለት የክንድን ላይኛ ክፍል በሌባ ጣት ወጋ ማድረግ ነው። በዚያ አካባቢ ሴቶች ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የታወቀ መርፌ ደግሞ አንድ ነው፦ የሦስት ወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ። የባሏ ወንድም ሦስቱንም ጊዜ ክንዱን ወጋ አድርጎ አሳያት። እሷም ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለች። ልጅ መድገም ትፈልግ ነበርና።

ማንም አልዋሸም። ሰውየው የሚያውቀውን ምልክት ተጠቀመ፤ ሐኪሙ የሰማውን ጻፈ። ሴትዮዋም ስለ ኢንሱሊን ተጠይቃ አታውቅም። ለነገሩ ሰውየውም ኢንሱሊን የተጀመረበት ሰው አይቆይም የሚል ወሬ ሰምቶ ስለነበር እምቢታዋ ተስማምቶታል።

ውይይቱ እንዴት ተዋቀረ

ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፦ 25፣ 40 እና 20 ደቂቃ። አንድ ላይ ቢደመር ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ከመተኛት እጅግ ያንሳል።

በመጀመሪያው የተጠየቀችው ስለ መድኃኒት አይደለም። ማን እንዲያስተረጉምላት ትፈልጋለች? በክፍሉ ማን ይቀመጥ፣ ማን ይውጣ? የአስተርጓሚዎቹ አቀማመጥ እንዲህ ሆነ፦ ጎረቤቷ ከነርሷ ጎን ሆና ፊቷ ለታካሚዋ፣ መምህሩ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ከጎን። ጎረቤቷ የመንደሩን ምልክት ታውቃለች፤ ማስተርጎም ግን አታውቅም፤ ለአንድ ዐረፍተ ነገር የራሷን ሦስት ምክር ትጨምራለች። መምህሩ ምልክቱን ባያውቅም ሲዛባ ይታየዋል፦ ሐኪሙ አጭር ተናግሮ ጎረቤቷ ሲረዝምባት፣ ወይም ታካሚዋ ሳትመልስ «እሺ ብላለች» ሲባል ያስቆማል። ለጎረቤቷ ሁለት ነገር አስቀድሞ ተነገራት፤ የሰማችው ከዚህ ክፍል እንደማይወጣ፣ መምከር ከፈለገች መጀመሪያ ለነርሷ እንድትናገር። መምህሩ ወንድ ስለሆነ የእርግዝናው ጉዳይ ሲነሣ ወጣ።

መብራቱ ከታካሚዋ ጀርባ እንዲሆን ወንበሯ ዞረ፤ መስኮት ጀርባቸው ያደረጉ ሰዎች እጅና ፊት ጥላ ይሆንባታል። የፊት ጭምብል ወለቀ። ነርሷ እያሳየች እንዳትናገር ተነገራት፤ ዐይን ሁለት ቦታ አያይም።

በሁለተኛው ቀን አማራጮቹ ጠረጴዛ ላይ በዕቃ ቀረቡ። በአንድ በኩል ኪኒኖቿ ብቻ፣ ከጎናቸው በሥዕል የከሳች ሴትና የሆስፒታል አልጋ። በመሃል ኪኒንና አንድ መርፌ፣ ከላዩ የጨረቃ ሥዕል፤ ማታ ማታ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሁለት መርፌ፣ ፀሐይና ጨረቃ። ከየአማራጩ ጎን ጣቷ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወጋ በሽምብራ ተቆጠረ። ለኢንሱሊን አዲስ ምልክት ተስማሙ፦ የሆድን ቆዳ ቆንጠጥ፣ ከዚያ እጅ ወደ ጉንጭ እንደ እንቅልፍ። የክንዱ ምልክት ለወሊድ መቆጣጠሪያው ብቻ ቀረ።

ልጅ መፈለጓ ሲታወቅ የአማራጮቹ ሚዛን ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ኢንሱሊን ኪኒን ሲያቅት የሚመጣ ቅጣት መስሎ ይቀርብ ነበር፤ ለማርገዝ ለምታስብ የስኳር ታካሚ ግን ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስደነግጣል። ኢናላፕሪል ለጽንስ አደገኛ ነው፤ በእርግዝና አይወሰድም። ያ የተዘለለው ሣጥን ተሞልቶ ቢሆን ያለ ምክር ባልተሰጣት ነበር። የደም ግፊቷ 124/78 ስለነበር ኢናላፕሪሉ ቆመ።

ወዲያው ማርገዝም አይመከርም ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ስኳር ሲበዛ የጽንሱ አካል አፈጣጠር ይዛባል። ቢያንስ ለስድስት ወር ስኳሩ እንዲወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በምን? የሦስት ወሩ መርፌ ከተቋረጠ በኋላ ማርገዝ ብዙ ወራት ሊዘገይ ስለሚችል ለእሷ ዕቅድ አይመችም። በሽንቷ ፕሮቲን ስላለ ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒንም አይመረጥም። የክንዱ ቀብር (ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ ዘንግ) በወጣ ማግስት ማርገዝ ያስችላል፤ ኮንዶምም አለ። ነርሷ የክንዱን ዘንግ አስገብታ አውጥታ በስፖንጅ ላይ አሳየቻት። ታካሚዋ ዘንጉን በጣቷ ዳሰሰችና «ይወጣል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። መረጠችው።

በሦስተኛው ቀን እሷ ፈቅዳ ባሏ ተጠራ። ቤተሰብን ከበር ማስወጣት ከከተማ የተቀዳ መፍትሔ ነው፤ እዚህ መድኃኒቱን የሚገዛውም፣ የጤና መድን መዋጮውን የሚከፍለውም፣ ሌሊት አጠገቧ የሚተኛውም እሱ ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እሷ ከወሰነች በኋላ ገባ፤ የምትለውንም ራሷ አሳየችው።

የተሰጣት ሕክምና

ግሊቤንክላሚድ ቆመ፤ ሜትፎርሚን ቀጠለ። ቀስ ብሎ የሚሠራው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ማታ 10 ዩኒት ተጀመረ፤ ለ49 ኪሎ ሰው በኪሎ 0.2 ዩኒት ሲሰላ ነው። ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ በፊት እንድትጀምር ተያዘ።

የተከፈተ ብልቃጥ በቤት ሙቀት 28 ቀን ይቆያል የሚባለው ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሠራል፤ ለቆላው አይሠራም። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፤ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይቀመጣል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ብልቃጡ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይገባል እንጂ ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ስኳር ሲወርድ መስማት የተሳነው ሰው የተለየ አደጋ አለበት። ተጣርታ ልትቀሰቅስ ትችላለች፤ በጨለማ ግን የሆነችውን ማስረዳት አትችልም፤ እጇ አይታይም። ስለዚህ ከራስጌዋ ባትሪና በክዳን ዕቃ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑ ውሃ ይቀመጣል። ባትሪ ፊቱ ላይ ከበራ ባሏ ሌላ ሳይጠይቅ ስኳሩን በጥብጦ ይሰጣታል፤ 15 ደቂቃ ጠብቀው ካልተሻላት ይደገማል።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አሥር መስመር

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ስትመጣ ሌሊት በላብ እንደምትነከር፣ ባትሪውንም ሁለት ጊዜ እንዳበራች ተናገረች። የንጋት ስኳሯ አንድ ቀን 58 ነበር። በ10 ዩኒት ይህን ያህል መውረድ አይጠበቅም። የኩላሊት ምርመራ ከማዘዝ በፊት ነርሷ እንድትቀዳ ሰጠቻት። ታካሚዋ ብልቃጡን በመዳፏ መካከል አሥር ጊዜ አንከባለለች፣ አየር አስገባች፣ ገልብጣ አሥር መስመር ቆጥራ ቀዳች። ያስተማሯትን አንድም አላጎደለችም።

ሆስፒታል ውስጥ የተማረችው በግማሽ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፤ እዚያ አንዱ መስመር አንድ ዩኒት ነው። መድኃኒት ቤት የሰጣት ደግሞ የ1 ሚሊ ሊትር ነው፤ እዚህ አንዱ መስመር ሁለት ዩኒት ነው። ሁለት ሳምንት 20 ዩኒት ስትወጋ ነበር።

ቁጥር ለማያነብ ሰው መስመር ማስቆጠር ብልሃት ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ይኸው ነው። አሁን የምትይዘው 10 ዩኒት ላይ ፒስተኑ በፕላስተር የታሰረ ባዶ ሲሪንጅ ነው። አዲስ ስትቀበል ከናሙናው ጋር ጎን ለጎን ታስተያያለች፤ ውፍረቱ ወይም መስመሩ ካልገጠመ መልሳ ትሰጣለች። መጠኑ ሲለወጥ ናሙናውም ይለወጣል።

ረመዳን

ይህ ውይይት ረመዳን ሦስት ወር ሲቀረው ተጀመረ፤ ለመዘጋጀት ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል። ያለፈው ረመዳን የሆነው ሲጠየቅ ሌላ ነገር ወጣ። ስኳርን የሚያወርደውን የጠዋትና የማታ ግሊቤንክላሚዷን አንድ ላይ ሱሑር (ከንጋት በፊት ያለው ምግብ) ላይ እየዋጠች፣ እኩለ ቀን ላይ ማሳ ውስጥ ወድቃ ነበር። ቤተሰቡ ጾሙ ከብዷት ነው ብሎ ለሆስፒታል አልነገረም። መናገር ማለት «አትጹሚ» መባል ነዋ፤ «አትጹሚ» የተባለ ሰው ደግሞ ጾሞ ዝም ይላል።

በዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን የረመዳን መመዘኛ ከ6 ነጥብ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ከፍተኛ ስኳሯ፣ ኢንሱሊኑ፣ ከባድ የእጅ ሥራዋና ያለፈው መውደቋ ሲደመሩ ከዚያ አለፈች። የባለሙያዎቹ ምክር ዘንድሮ ባትጾም የሚል ነበር፤ ሳያለባብሱ ተነገራት። እሷ መሞከር ፈለገች። የተስማሙት ከረመዳን በፊት ባለው ወር በሸዕባን ሦስት ቀን በሙከራ እንድትጾም ነው፤ በዚያን ጊዜ መጠኑ 14 ዩኒት ደርሶ ስለነበር ወደ 11 ወርዶ ኢፍጣር ላይ ይወጋል፤ ስኳር በቀን አራት ጊዜ ይለካል። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ከበለጠ ጾሙ ወዲያው ይፈታል፤ መለኪያው ላይ ሁለቱ ገደቦች የሚታዩት ለልጇ ስለሆነ መለካቱን እሷ፣ ማንበቡን ልጇ ያዙ። ጣት መውጋት ጾም እንደማይፈታ፣ ኢንሱሊንም ምግብ ስላልሆነ አብዛኞቹ ዑለማዎች እንደማይፈታ እንደሚያዩት ባሏ ከመስጊዱ ኢማም ጠይቆ መጣ። ነርሷ ግን ኢማሙ ለእሷ በቀጥታ እንዲያስረዱ ጠየቀች፤ በጎረቤቷ በኩል አስረዷት። በሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ያለው የታመመ ሰው ፈቃድ ለእሷ ከዚያ በፊት ተነግሯት አያውቅም።

በሙከራው ሁለተኛ ቀን 9 ሰዓት ላይ 64 ሆነ። ስኳር በጥብጣ ጠጣች። በማግስቱ አልጾመችም፤ ረመዳንንም ላለመጾም የወሰነችው ራሷ ናት። ቀዳ ታወጣለች (በሌላ ጊዜ ጾማ ትተካለች) ወይስ ፊድያ ትከፍላለች (ድሃ ታበላለች) የሚለውን ከኢማሙ ጋር ያዙት። ሱሑር ላይ ግን ከቤተሰቡ ጋር እየተነሣች ትቀመጣለች፤ ቀን ምሳዋን ከመጋረጃው ጀርባ ትበላለች።

አሁን ያለበት

በሦስተኛው ወር የንጋት ስኳሯ ከ120 እስከ 165 ነው፤ ክብደቷ 53 ኪሎ። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚለካው ምርመራ በዚያን ወቅት አልተገኘም፤ ስለዚህ ለእርግዝና ዝግጁ ናት ለማለት ገና ነው፤ ግቡ 6.5 በመቶና ከዚያ በታች መሆኑ ተነግሯታል። ማታ ብቻ የሚወጋው ኢንሱሊን ስለማይበቃ ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የናሙና ሲሪንጁም ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ላይ ቀይ፣ ሌላው ላይ ጥቁር ክር።

ካርዱ ላይ «እምቢ ብላለች» የሚለው በአራት ጥያቄ ተተክቷል፦ ማን ተናገረ፣ በምን ተገለጸ፣ እሷ መልሳ ምን አሳየች፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር። መስማት የተሳናትን ሰው በነጻና በተረዳችው ፈቃዷ ማከም የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 ግዴታ ያደርገዋል።

ያልተፈታው የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ነው። የመንግሥት መድኃኒት ቤት ሲያልቅበት ከግል ይገዛል፤ ባሏ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እንድትለካ አድርጓል። ጎረቤቷም ወደ ሸዋ ሮቢት ልትሄድ እያሰበች ነው። መምህሩ የመንደሩን ምልክቶች በስልኩ በቪዲዮ መቅረጽ ጀምሯል፤ እስካሁን ሠላሳ ያህል ይዟል፤ የመጀመሪያው ሆድ ቆንጠጥ የሚለው ነው።